ፌቨን ወይስ ፌቤን? የስሙ ትርጉም ቸገረኝ

የአዌቱ እናት · ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። ከወለድኩ ዛሬ 61 ቀኔ ነው። ሴት ናት። ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ስለሆነ የቀረኝ ጊዜ አጭር ነው። የክርስትና ስሟን ቄሱ ያወጡላታል፤ እሱ አላሳሰበኝም። ያስቸገረኝ ቤት ውስጥና ትምህርት ቤት የምትጠራበት ስም ነው።

እኔና ባለቤቴ የያዝነው ፌቨን የሚለውን ነው። እውነቱን ልናገር፣ ምክንያቴ ጥልቅ አይደለም። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ስናድግ ፌቨን የምትባል የሰፈራችን ልጅ ነበረች፤ ረጋ ያለች፣ ማንንም የማታስቀይም። ሴት ከወለድኩ ይህን ስም ብዬ የወሰንኩት ያኔ ነው፣ አሥር ዓመት ሳይሞላኝ።

አሁን አማቴ ከሰቃ መጥተው እያረሱኝ ነው። ኦሮሞ ናቸው፤ ለእሳቸው ስም ማለት ትርጉም ነው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤቱ ሁሉ ተቀምጦ ሳለ «ይቺ ፌበን የምትሏት፣ ማል ጄቹዳ?» ብለው ጠየቁኝ። ምን ማለት ነው ነው የሚሉኝ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሲኒዬ። «ትርጉሙን የማታውቁትን ስም ልጅ ላይ አትጫኑ» አሉና የራሳቸውን ቀጠሉ፤ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ የሚጠሯት ኢፍቱ ብለው ነው።

ማታ ልጅቷን እያጠባሁ በስልኬ ፈለግሁ። አንዱ «ጨረቃ» ይላል፣ አንዱ «ንጽሕት»፣ አንዱ «ብርሃን»፣ አንዱ «የወንጌል አገልጋይ»። ከዕብራይስጥ ነው የሚልም አለ፣ ከግሪክ ነው የሚልም አለ። ደግሞ ግማሹ ፌቨን ብሎ ይጽፋል፣ ግማሹ ፌበን፣ ግማሹ ፌቤን። የምታውቁ እባካችሁ። ለአማቴ የምመልሰው ነገር ስጡኝ።

ቡና አጣጭ · ሰኞ ማታ

እንኳን ማርያም ማረችሽ! ጭንሽ ይባረክ። ብርሃን ማለት ነው፣ አለቀ። ገንፎው ያለ እኛ መበላቱ ነው የሚያሳዝነው።

መምህር ዘአጂፕ · ማክሰኞ ጠዋት

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ጡረታ የወጣሁ የቋንቋ አስተማሪ ነኝ፤ ረዘም አድርጌ ብጽፍ እንዳትሰለቺ።

ከዕብራይስጥ ነው የሚለውን እርሽው። ስሙ የግሪክ ነው። መነሻው ፎይቤ፣ ወንዴው ፎይቦስ ነው። ብሩህ፣ የሚያበራ፣ ጥርት ያለ ማለት ነው። ስለዚህ «ብርሃን» ያለሽም «ንጽሕት» ያለሽም ብዙ አልሳቱም፤ ቃሉ ሁለቱንም ይሸከማል። እኛም እኮ ሰማዩ ጠራ ስንል ጽዳቱንም ብርሃኑንም አንድ ላይ ነው የምንናገረው። ከዚያ ወዲያ የቃሉ ሥር ከየት እንደተመዘዘ ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙበትም።

«ጨረቃ» የሚለው የገባው በጓሮ በር ነው። በግሪኮች ጥንታዊ ተረት ፎይቤ የሰማይና የምድር ልጅ፣ የአፖሎና የአርጤምስ አያት ናት። አርጤምስን ታውቂያታለሽ፤ የሐዋርያት ሥራ ላይ የኤፌሶን ሰዎች «አርጤምስ ታላቅ ናት» እያሉ የጮኹላት ናት። አፖሎ ፎይቦስ የሚለውን መጠሪያ ከአያቱ እንዳገኘ ይተረካል። አርጤምስ በኋላ ከጨረቃ ጋር ስትያያዝ ባለቅኔዎች ጨረቃዋንም በአያቷ ስም ፎይቤ ይሏት ጀመር። እንግዲህ ጨረቃ የስሙ ፍቺ ሳትሆን ስሙን የተዋሰች ናት።

«የወንጌል አገልጋይ» ደግሞ የስሙ ትርጉም ሳይሆን የአንዲት ሴት ሥራ ነው። ሮሜ 16 ቁጥር 1ን ገልጠሽ እይ። ጳውሎስ ስለ እሷ የሚጽፈው በክንክራኦስ ያለችው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናት ብሎ ነው። ክንክራኦስ የቆሮንቶስ ከተማ የምሥራቅ በኩል ወደቧ ነበረች፤ ጳውሎስ ስለት ኖሮበት ራሱን የተላጨባት ናት። ልጆቻችን ፌቨን የሚባሉት በተረቷ ፎይቤ ሳይሆን በዚህችኛዋ ነው።

ቡና አጣጭ · ማክሰኞ ጠዋት

መምህር፣ ይህን ሁሉ አንብቤ አንድ ነገር አልገባኝም። ፎይቤ ከሆነ ፌቤ መባል ነበረበት። ን ከየት መጣች?

መምህር ዘአጂፕ · ማክሰኞ ረፋድ

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ከስሙ ሁሉ የምወዳት እሷን ን ነው።

በግሪክ የስም መጨረሻ እንደ ሥራው ይለዋወጣል። ሴትዮዋ ራሷ መጣች፣ ሄደች ለማለት ፎይቤ ነው። የእሷ ለማለት ፎይቤስ ነው። እሷን ለማለት፣ ማለትም እሷን ጠራሁ፣ እሷን ላክሁ ለማለት ግን ፎይቤን ይሆናል። እኛ «ጫልቱ መጣች» ብለን «ጫልቱን ጥሯት» እንደምንለው ያለ ነው።

እንግዲህ ወንዶቹን አስቢ። ጳውሎስ፣ ጴጥሮስ፣ ማርቆስ፣ ቴዎድሮስ፣ ጊዮርጊስ። ሁሉም ያቺን ስ ይዘው የቀሩት ግሪኩ ባለቤት ሲሆኑ የሚጨምርላቸውን ጅራት ሳይቆረጥ ስለተቀበልን ነው። ጳውሎስና ጴጥሮስ በመጽሐፉ ውስጥ መቶ ጊዜ ይመጣሉ፤ ይናገራሉ፣ ይሄዳሉ፣ ይታሰራሉ። ፎይቤ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የተጠራችው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ጳውሎስ እሷን ለሮም ሰዎች ሲያስረክብ። «እኅታችንን ፌቤንን አደራ ብያችኋለሁ» ይላል። አደራ የተባለችው እሷ ስለሆነች ግሪኩ ላይ ስሟ ን አለው። እኛ ጋ የደረሰውም በዚያው መልኩ ነው።

ቡና አጣጭ · ማክሰኞ ረፋድ

ይቅርታ መምህር፣ እሱ ን እኮ የእኛው የአማርኛው ን ነው። ጫልቱን እንደምንለው። በስህተት ስም ውስጥ ቀልጦ ቀርቶ ይሆናል።

መምህር ዘአጂፕ · ማክሰኞ ከሰዓት

ጥሩ ሞገትክ። አሁን ጥቅሱን ቀስ ብለህ አንብበው፤ ፌቤን አይልም፣ ፌቤንን ነው የሚለው። ሁለት ን አለ። የመጀመሪያዋ ከግሪክ ተሳፍራ የመጣች ናት፣ ሁለተኛዋ የኛ ናት። ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን ሥራ በአንድ ድምፅ መሥራታቸው አጋጣሚ ነው፤ ግን እዚች ስም ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል።

ካላመንከኝ ምዕራፉን ውረድ። ጳውሎስ ሰላም በሉልኝ የሚላቸውን ሰዎች ተመልከት። «ለኢሩባኖን» ይላል፤ ሰውየው ኡርባኖስ ነው። «ለስንጣክን» ይላል፤ ስታኪስ ነው። «ለኤጤሌን» ይላል፤ አጴሌስ ነው። «ለሄርሜንም» ይላል፤ ሄርሜስ ነው። እነዚህ ላይ ለ ስላለ የአማርኛው ን የሚገባበት ቦታ የለም። ግሪኩ ግን ሰላም ከሚባሉት ሰዎች አብዛኞቹን በን ነው የሚጽፋቸው። ስማቸው እንዳለ ተገልብጦ ነው የተቀመጠው።

ቡና አጣጭ · ማክሰኞ ከሰዓት

እጅ ሰጠሁ። አሁን መጽሐፉን ገልጬ ቁጭ ብያለሁ፣ እውነት ነው።

የሄርማታ ልጅ · ማክሰኞ ከሰዓት

ሄርሜን፣ ሄርማን… ታዲያ እኛ ሄርማታ የተወለድነው ሁሉ ግሪኮች ነን ማለት ነዋ! ነገ ወደ አቴንስ ጉዞ አለ፣ መነሻ መርካቶ፣ ቶሎ ተመዝገቡ።

መምህር ዘአጂፕ · ማክሰኞ ከሰዓት

ሃሃ፣ አንተ ልጅ። ስም ሁሉ የሚመሳሰለውን ይዞ ከሮጠ ጅማም ጂም ቤት ትሆናለች።

የአዌቱ እናት · ማክሰኞ ማታ

መምህር እግዜር ይስጥልኝ። ለአማቴ እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው፦ ፌቨን ማለት ብሩህ፣ የምታበራ ማለት ነው። ደስ ብሎኝ ነበር የነገርኳቸው። እሳቸው ጨርቅ እያጠፉ ነበር፤ ጨርሰው አጥፈው ካስቀመጡ በኋላ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ኢፍቱም እኮ እሱው ነው። ኢፋ ብርሃን ነው፣ ኢፍቱ የምታበራ ናት። ትርጉሙ አንድ ከሆነ ታዲያ የኔው ይሁና!»

ባለቤቴ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ወጣ። እኔ ራሴ በቆፈርኩት ጉድጓድ ገባሁ።

ቡና አጣጭ · ማክሰኞ ማታ

አማትሽ ጠበቃ መሆን ነበረባቸው።

ጽኑ እምነት · ረቡዕ ጠዋት

እኔ ግን ዝም አልልም። መምህሩ ራሳቸው ተናግረውታል፤ የጣዖት አያት ስም ነው። እህቴ፣ ልጅሽን በአርጤምስ አያት ስም ከምትጠሪ ሺህ የቅዱሳት ስም አለልሽ።

የቆሎ ተማሪ · ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ ጽኑ፣ ቅናትህን አከብራለሁ፣ ግን ቀስ። በዚህ ሚዛን ከሄድን ብዙ ቅዱሳን እንበትናለን።

ድሜጥሮስን እንውሰድ። ባሕረ ሐሳብ ስንማር የምንጠራው፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀመር በስሙ የሚነገርለት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ነው። በየዓመቱ ፋሲካችን መቼ እንደሚውል ስናወጣ እሱን እናነሳለን። ድሜጥሮስ ማለት ግን የዴሜጥር ማለት ነው፤ ዴሜጥር ደግሞ ግሪኮች የእህል አምላክ ብለው የሚያመልኳት ነበረች። አጵሎስ ከአፖሎ የወጣ ነው። ዲዮናስዮስ ከወይን ጣዖታቸው ከዲዮኒሶስ የወጣ ነው። ጳውሎስ ራሱ ፌቤንን ሲያገኛት ስምሽን ለውጪ አላላትም፣ በዚያው ስሟ እኅታችን አላት። ሰው ስሙን ይቀድሰዋል እንጂ ስም ሰውን አያረክሰውም ይሉ ነበር የኔታ።

ጽኑ እምነት · ረቡዕ ረፋድ

ድሜጥሮስን አላወቅሁም ነበር። እሺ፣ በዚህ ዝም እላለሁ። ግን «አገልጋይ» የምትለዋን ይዛችሁ ሴት ዲያቆን ነበረች የምትሉ እንዳትመጡ።

የጸጋው · ረቡዕ ረፋድ

መጣን! ግሪኩ ላይ ያለው ቃል ዲያቆኖስ ነው፣ እኛ ዲያቆን የምንለው ቃል። ጳውሎስ እሷን ዲያቆኖስ ብሎ ነው የጠራት። ደግሞም ያንን ረጅም መልእክት ወደ ሮም ተሸክማ ያደረሰችው እሷ እንደሆነች ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ።

የቆሎ ተማሪ · ረቡዕ ረፋድ

ቃሉ እሱ መሆኑ እውነት ነው። ግን በዚያ ዘመን ዲያቆኖስ ገና የማዕረግ ስም ብቻ አልነበረም፤ ተላላኪ፣ አሳላፊ፣ አገልጋይ ሁሉ በዚያ ቃል ይጠራል። ተርጓሚዎቻችን አገልጋይ ያሉት ከዚያ ነው። በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናዊት የሚባሉ ሴቶች መኖራቸውም የታወቀ ነው። ክርክሩ ግን የእህታችን ክር ላይ አይሁን፤ ልጅቷ ክርስትና ሳትነሳ እንዳንደርስ።

የጸጋው · ረቡዕ ረፋድ

እሺ፣ ይብቃ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ለእናትየዋ ነው። ጳውሎስ መልእክቱን በ57 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲጽፍ እሱ ይናገር ነበር፣ በእጁ የሚጽፈው ጤርጥዮስ ነበር፤ ስሙን ራሱ መጨረሻ ላይ ጽፎታል። እና ከቆሮንቶስ እስከ ሮም ባሕርና የብስ አለ። መርከቡ ቢሰምጥ ኖሮ ዛሬ ሮሜ የሚባል መጽሐፍ ላይኖረን ይችል ነበር። ሊቃውንቱ እንዳሉት ከሆነ መልእክቱ በሴትዮዋ ከረጢት ውስጥ ነበር ማለት ነው። ለልጅሽ ስትነግሪያት ይህን ንገሪያት።

ፌቨን ነኝ · ረቡዕ ማታ

ሰላም። እኔ ራሴ ፌቨን ነኝ፣ ቦሳ ነው ያደግሁት። ስለ ትርጉሙ ብዙ ብላችኋል፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር፣ ምክንያቱም ስቃዩን የማውቀው እኔ ነኝ።

አባቴ በ ብሎ ነው ያስመዘገበኝ፤ ፌበን። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ቨ ዘመናዊ ይመስለኝ ስለነበር ፌቨን ብዬ መጻፍ ጀመርኩ፤ አስተማሪዎቹም ዝም አሉ። የአሥራ ሁለተኛ ውጤቴ በቨ ወጣ፣ የልደት ወረቀቴ በበ፣ ፓስፖርት ላይ ደግሞ ጸሐፊው በጆሮው የሰማውን በላቲን ፊደል በቢ ጻፈው። ሦስት ሴቶች ሆንኩ። ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለማስመስከር ያልሄድኩበት ቢሮ የለም፤ አንዱ ጋ «ፌበን የት አለች?» ተብያለሁ፣ ፊት ለፊት ቆሜ!

ስለዚህ እህቴ፣ የፈለግሽውን ምረጪ፣ ግን አንዱን ምረጪና የልደት ወረቀቱ ላይ፣ የክትባት ካርዱ ላይ፣ ሁሉም ቦታ ያንኑ ጻፊ። የላቲኑንም ዛሬውኑ ወስኚው።

የአዌቱ እናት · ረቡዕ ማታ

«ሦስት ሴቶች ሆንኩ» ስትይ ሳቄም እንባዬም መጣ። ታዲያ ትክክለኛው የቱ ነው? በ ወይስ ቨ?

መምህር ዘአጂፕ · ሐሙስ ጠዋት

ሁለቱም የሚሄዱበት መንገድ አላቸው። በጥንቱ ግሪክ ያች ፊደል እንደ እኛ በ ነበረች። ዘመን እየገፋ ግሪኮቹ ወደ ቨ ቀየሯት፤ ዛሬ ቨ ነው የሚሏት። ግዕዝ ቨ የሚባል ድምፅ ስለሌለው በ በ ጻፋት። የኛ ቨ ፊደል ኋላ ላይ ለባዕድ ቃላት ስንል የበን ራስ አስረን የሠራናት ናት፤ እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ ቪላን ቢላ፣ ቮልስን ቦልስ ነው ያለችው። እንግዲህ በ ያለ የመጽሐፉን ይዟል፣ ቨ ያለ የኋለኛውን የግሪክ አነጋገር ይዟል። ስህተት የሚባል የለም፤ ስሙ በኤርትራም በሰፊው የሚጠራ ነው፣ እዚያም ፌቨን ይበዛል።

አቴንስ የኖርኩ · ሐሙስ ከሰዓት

እኔ አሥራ አንድ ዓመት አቴንስ ሽማግሌዎች እየተንከባከብኩ ኖሬያለሁ። የአንደኛዋ እመቤቴ የልጅ ልጅ ይሄው ስም ነበራት። የሚጠሯት ግን ፊቪ ብለው ነው። ፎይ የሚባል ነገር የለም፣ ፊ ነው የሚሉት። እኔ ፌቨን የምትባል ዘመድ ጅማ አለችኝ ብላቸው ሁሉም ግራ ተጋቡ፤ ን ምንድን ናት ብለው። ያኔ መልስ አልነበረኝም። መምህር፣ ያኔ የት ነበሩ?

መምህር ዘአጂፕ · ሐሙስ ከሰዓት

እሱን ስትይ ደስ አለኝ። የዛሬ ግሪኮች እሷን፣ አንቺን የሚለውን መልክ ሲናገሩ የሴት ስም ላይ ያችን ን ትተዋታል። ጠራኋት ሲሉም ፊቪ ነው፣ መጣች ሲሉም ፊቪ ነው። ስለዚህ ባለቤቶቹ የጣሏትን ን ቦሳና ፈረንጅ አራዳ ያሉ ልጆች በስማቸው ይዘው እየዞሩ ነው። እመቤትሽ ብትኖር ይህን ንገሪያት እልሽ ነበር።

ሶፊ ጅሬን · ሐሙስ ማታ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ አላህ ያሳድግልሽ። ሳላስበው ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የኔም ስም ታሪክ አለው። አባቴ ያወጣልኝ ሰፊያ ብሎ ነው፤ የነቢዩ ባለቤት የእናታችን የሰፊያ ስም ነው፣ በዐረብኛ ንጽሕት፣ የጠራች ማለት ነው። ትምህርት ቤት ስመዘገብ ጸሐፊዋ ሶፊያ ብላ ጻፈችው፣ በዚያው ቀረ። አሁን ጓደኞቼ «የግሪክ ነው፣ ጥበብ ማለት ነው» ይሉኛል። ኢስታንቡል ያለችው አያ ሶፊያ የእኔ ስም ያላት መስሎኝ ስኮራ ነበር። ለካ የሴት ስም አይደለም፣ «ቅድስት ጥበብ» ማለት ነው። ስለዚህ እኔ በወረቀት ግሪክ፣ በቤት ዐረብ፣ በአፌ ኦሮሞ ነኝ። ለማንኛውም የአማትሽ ነገር እውነት አለው፤ የሚጠራሽ ሰው አፍ ላይ የማይመች ስም ራስሽም ላይ አይመችም። እኔን አያቴ እስከ ዛሬ ሰፊያ ነው የምትለኝ፣ የምዞረውም ለእሱ ነው።

ኮከብ ቆጣሪ · ሐሙስ ሌሊት

እኔም የማውቃትን ልጣል። ሳተርን የሚባለው ፈለክ ፌቤ የምትባል ጨረቃ አለችው። ዊልያም ፒከሪንግ በ1899 እ.ኤ.አ. ነው ያገኛት፤ በዐይን በመነጽር ሳይሆን በፎቶግራፍ የተገኘች የመጀመሪያዋ ጨረቃ ናት። ስፋቷ 213 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚያስቀው፣ ስሟ ብሩህ ሆኖ ራሷ እንደ ከሰል ጥቁር ናት፤ ካረፈባት ብርሃን ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አትመልስም። ሌሎቹ ትልልቅ የሳተርን ጨረቃዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ እሷ ወደ ኋላ ነው የምትዞረው። ካሲኒ የሚባለው መንኮራኩር በ2004 እ.ኤ.አ. በአጠገቧ ሲያልፍ ያነሳት ፎቶ አለ፤ ጉድጓድ በጉድጓድ ናት፣ ፈንጣጣ የበላው ፊት ትመስላለች።

ፌቨን ነኝ · ዓርብ ጠዋት

ወደ ኋላ የምትዞር! እናቴ ይህን ብትሰማ «ያልኩሽ አይደል» ነው የምትለው።

የአዌቱ እናት · ዓርብ ከሰዓት

የጠየቅሁት ስለ አንድ ስም ነበር፣ የማውቀው ሰው በዛልኝ። ሁላችሁንም አንብቤያለሁ።

ትናንት ማታ አማቴ ልጅቷን በጀርባቸው አዝለው እሹሩሩ እያሉ ሳለ ሌላውን ነገር ነገርኳቸው። ትርጉሙን ሳይሆን ን የምትለዋን። ሰዋስው አልገባኝም፣ እንደገባኝ ነው ያልኳቸው፦ «እማማ፣ ይህ ስም መጽሐፍ ላይ የተጻፈው አንዴ ነው። አንዲት ሴት ከአገሯ ወጥታ ሰው ወደማታውቅበት አገር ስትሄድ የሚያውቃት ሰው ለዚያ አገር ሰዎች ‹አደራ› ብሎ ጻፈላት። ስሙ ከዚያ ደብዳቤ ላይ ነው የተነሳው፤ አደራ ስትባል እንደተጠራችው ነው የቀረው።»

መርገዳቸውን አቆሙ። «ሐደራ ነው ያለው?» አሉ። እሳቸውም በኦሮምኛ ሐደራ ነው የሚሉት፣ ቃሉ አንድ ነው። አዎ አልኳቸው። «ሰዎቹስ ተቀበሏት?» አሉኝ። ይህን አላውቅም። መጽሐፉ አይልም መሰለኝ። እንጃ እማማ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና እሹሩሩአቸውን ቀጠሉ።

ባለቤቴ የነገረኝን ልጨምር። አማቴ አሥራ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው ነው ከሊሙ ወደ ሰቃ የተዳሩት፤ ያን ጊዜ እዚያ የሚያውቃቸው አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።

መምህር ዘአጂፕ · ዓርብ ማታ

እህቴ፣ እኔ አርባ ዓመት ሰዋስው አስተምሬ እንዲህ አድርጌ ያስረዳሁበት ቀን የለም። ለአማትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

የቆሎ ተማሪ · ዓርብ ማታ

ለጥያቄያቸው መልስ ከፈለጉ፦ ጳውሎስ እዚያው ላይ በጌታ ተቀበሏት፣ በምትፈልገውም ሁሉ እርዷት ይላል፤ እሷም ለብዙዎች ለእኔም ደጋፊ ነበረች ይላል። ስለ መቀበላቸው ግን አልተጻፈም፤ እውነት ነው።

የአዌቱ እናት · ከሦስት ሳምንት በኋላ

እንደምን ሰነበታችሁ። ትናንት የልደት ወረቀቷን አወጣን። ክርስትናዋ በሰላም ተጠናቀቀ፤ ቄሱ ወለተ ማርያም ብለዋታል። ዝናብ ነበር፣ ቢሆንም ሰው ሁሉ መጥቷል።

ፌቤን ነው ያስጻፍነው። በ በ፣ ቤ ብለን። ፌቨን ነኝ፣ ምክርሽን ሰምቻለሁ፤ የክትባት ካርዱም አንድ ዓይነት ነው፣ የላቲኑንም በቢ አስጽፈናል፣ ጸሐፊው ሲጽፍ በትከሻው ላይ ቆሜ ነበር። ቨን የተውኩት ስለ ትክክለኛነቱ አይደለም። አማቴ ቨ አይሆንላቸውም፣ ልጅቷን ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚጠሯት እሳቸው ናቸው።

ፌቨን ነኝ · ያኑ ቀን

እንኳን አንድ ሴት ሆነች! ኢፍቱስ ቀረ?

የአዌቱ እናት · ያኑ ቀን

የት ይቀራል። አሁን በዚህ ሰዓት ጓዳ ውስጥ «ኢፍቱኮ፣ ኢፍቱኮ» እያሉ እየሰማኋቸው ነው። ወረቀቱ ፌቤን ይላል ብላቸው «ወረቀቱ አያለቅስም፣ የምታለቅሰው እሷ ናት» አሉኝ።